7ኛው ምርጫ፦ ኮከብ ይመረጥበት ወይስ ይሸጥ? ዋሽንግተን ላይ የተነሳው ክርክር

 

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ የሐበሻ ቡና ቤት ስትገቡ ድሮ የሚነሳው ጨዋታ ወይ የሀገር ቤት ፖለቲካ ነው ወይ አርሴናልና ማንቸስተር ነው። አሁን አሁን ሦስተኛ ርዕስ ተጨምሯል፦ ኮማንደርስ። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች አባቶቻቸውን እየጎተቱ አስገቧቸው፤ አባቶችም ገብተው ቀሩ።

ባለፈው ቅዳሜ እኛም ቁጭ ብለን የሰማነው ይሄንኑ ነው። በአንድ በኩል ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አንድ ጋሼ፣ በሌላ በኩል ኮሌጅ የጀመረ ልጅ። ጋሼ ድርቅ ብለዋል፦ «ኮከብ ካለ ኮከቡን ውሰድ፣ ሌላው ወሬ ነው።» ልጁም አልለቀቀም፦ «ጋሼ፣ እሺ አንድ ሰው አመጣን። ሌላውን ቀዳዳ በምን እንደፍነዋለን?» ቡናው እስኪቀዘቅዝ አልተስማሙም።

እኛ ደግሞ ወደ ቤት ስንሄድ አሰብነው። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ግን ዘንድሮ ለዋሽንግተን የቱ እውነት ይበልጣል? እስኪ አብረን እንየው።

◾ መጀመሪያ ለማያውቁ

በእኛ ኳስ (በእግር ኳሱ ማለታችን ነው) ገንዘብ ያለው ክለብ የፈለገውን ይገዛል። በአሜሪካው ኤንኤፍኤል እንደዚያ አይደለም። ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾች በየዓመቱ «ድራፍት» በሚባል ምርጫ ለ32ቱ ቡድኖች ይከፋፈላሉ። ምርጫው 7 ዙር አለው። ባለፈው ዓመት የተሸነፈው ቀድሞ ይመርጣል፣ ዋንጫ ያነሳው መጨረሻ ላይ ይመርጣል። ይሄ ነገር ከ1936 ጀምሮ ያለ ነው። የዘንድሮው ከኤፕሪል 23 እስከ 25 ፒትስበርግ ላይ ይካሄዳል፤ በእኛ ሚያዝያ 15 መሆኑ ነው፣ ፋሲካን በልተን በ11ኛው ቀን።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር የደመወዝ ጣሪያው ነው። ማንኛውም ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው በጣሪያ የተገደበ ነው። በ2025 ጣሪያው 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ባለቤቱ ቢሊየነር ሆነ አልሆነ ያው ነው።

ሦስተኛው፣ የአዲስ ተጫዋች ደመወዝ ከ2011 ወዲህ በተመረጠበት ቁጥር የሚወሰን ነው። ውሉ 4 ዓመት ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ከተመረጠ ቡድኑ 5ኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው። ማለትም ጎበዝ ልጅ ከመረጥክ ለአራት አምስት ዓመት በርካሽ ታጫውተዋለህ። የድራፍት ክርክር ሁሉ መነሻው ይሄ ነው። ጥያቄው «ማን ጎበዝ ነው?» ብቻ ሳይሆን «በርካሽ የማገኘው ጎበዝ የት ቦታ ቢሆን ይበልጥ ይጠቅመኛል?» የሚለው ነው።

እና ዋይድ ሪሲቨር ምንድነው? ኳርተርባኩ የሚወረውረውን ኳስ እየሮጠ የሚቀልበው ነው። በእኛ ኳስ ብናመሳስለው የክንፍ አጥቂ በሉት። ፈጣን፣ ለዓይን የሚጥም፣ ማልያው የሚሸጥ። ደጋፊ የሚወደው ቦታ ነው፤ ለዚህ ነው ክርክሩ ሁሌም እዚህ ቦታ ላይ የሚጦፈው።

◾ ዋሽንግተን አሁን የት ናት?

በ2024 ኮማንደርስ 12 አሸንፎ 5 ተሸንፎ እስከ ግማሽ ፍጻሜው ደረሰ፤ እዚያ ፊላደልፊያ 55 ለ 23 ቢረታውም ከተማው ሰክሮ ነበር። ምክንያቱ ደግሞ በዚያው ዓመት በ2ኛ ምርጫ የመጣው ኳርተርባክ ጄይደን ዳንኤልስ ነው።

በ2025 ነገሩ ተገለበጠ። 5 ድል፣ 12 ሽንፈት። ዳንኤልስ በተደጋጋሚ ተጎድቶ ብዙ ጨዋታ አመለጠው። ዋናው ቀላቢ ቴሪ ማክሎሪንም ጉዳት ነበረበት። መከላከሉ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲያፈስ ነው የከረመው። ውጤቱ፦ 7ኛ ምርጫ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ነገር እንንገራችሁ። ዋሽንግተን ዘንድሮ የሁለተኛ ዙር ምርጫ የላትም። አራተኛ ዙርም የላትም። ሁለቱም ባለፈው ዓመት ማርች ላይ ኳርተርባኩን ከጎን የሚጠብቀውን ላረሚ ተንሲልን ለማምጣት ለሂዩስተን ተሰጥተዋል። ስለዚህ በ7ኛው ከመረጡ በኋላ ሦስተኛው ዙር እስኪደርስ፣ 60 ምናምን ተጫዋች ሲወሰድ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

የልጁ ጥያቄ ክብደት የሚኖረው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ቀዳዳ፣ ጥቂት መድፈኛ።

◾ የጋሼ ወገን ምን ይላል?

ይሄ ወገን ዘንድሮ የሚጠራቸው ስሞች አሉት፦ የኦሃዮ ስቴቱ ካርኔል ቴት፣ የአሪዞና ስቴቱ ጆርዲን ታይሰን፣ የዩኤስሲው ማካይ ሌመን። መከራከሪያቸውም ባዶ አይደለም።

አንደኛ፣ ማክሎሪን ከ2020 እስከ 2024 በተከታታይ አምስት ዓመት ከ1,000 ያርድ በላይ የሠራ ታማኝ ሰው ነው፤ ባለፈው ኦገስት እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የሦስት ዓመት ውል ፈርሟል። ግን 30 ዓመቱ ነው፣ በሴፕቴምበር 31 ይሞላዋል። የሱ ተተኪ አሁን ካልተዘጋጀ መቼ ሊዘጋጅ ነው?

ሁለተኛ፣ የዋጋው ጉዳይ። የሲንሲናቲው ጃማር ቼዝ ባለፈው ዓመት የፈረመው ውል 4 ዓመት በ161 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዓመት 40.25 ሚሊዮን ይመጣል። ከ2025ቱ ጣሪያ ጋር ስናሰላው 14 በመቶ ገደማ፣ ለአንድ ቀላቢ! ከገበያ መግዛት እንዲህ ውድ ከሆነ በድራፍት በርካሽ ማምጣት ነው የሚያዋጣው ይላሉ። ስሌቱ ልክ ነው።

ሦስተኛ፣ ምሳሌ አላቸው። በ2021 ሲንሲናቲ 5ኛ ምርጫ ነበራት። ከዚያ በፊት ባለው ኖቬምበር ኳርተርባኳ ጆ በሮ ጉልበቱ ተበጥሷል። የት መሰላችሁ? እዚሁ እኛ ጋ፣ ላንዶቨር ሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ጋር ሲጫወት። እና የከተማው ደጋፊ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ጠባቂ አምጡለት፣ ፔኔይ ሱወልን ምረጡ» ይላል። ሌላው «የኮሌጅ ጓደኛውን ጃማር ቼዝን አምጡለት» ይላል። ቡድኑ ቼዝን መረጠ። ቼዝ በመጀመሪያ ዓመቱ 1,455 ያርድና 13 ተችዳውን ሠራ፣ ቡድኑም ሱፐር ቦውል ደረሰ። ጋሼ እንዲህ ዓይነቱን ታሪክ ይዘው ነው የሚከራከሩት።

◾ ግን ታሪኩ እዚያ አያልቅም

በዚያው ዓመት በሮ በመደበኛው ውድድር ብቻ 51 ጊዜ ኳስ እንደያዘ ተጥሏል። በጥሎ ማለፉ ቴነሲ ላይ በአንድ ጨዋታ 9 ጊዜ ተጣለ። በሱፐር ቦውሉ 7 ጊዜ፤ 23 ለ 20 ተሸነፉ። በ2024 ቼዝ በቅብል ብዛት፣ በያርድም፣ በተችዳውንም ሊጉን መራ፦ 127 ቅብል፣ 1,708 ያርድ፣ 17 ተችዳውን። አንድ ቀላቢ ከዚህ በላይ ምን ሊያደርግ ይችላል? ቡድኑ ግን 9 ለ 8 ጨርሶ ጥሎ ማለፍ እንኳን አልገባም።

ሱወልስ? ከቼዝ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ዲትሮይት ወሰደው። በስንተኛ ምርጫ? በ7ኛ። ዋሽንግተን ዘንድሮ በያዘችው ቁጥር። በ2023 እና በ2024 በቦታው የሊጉ ምርጥ ተብሎ ተመረጠ፣ ዲትሮይትም በ2024 15 ለ 2 ጨረሰች። ቀላቢስ ከየት አመጡ? በዚያው በ2021 ድራፍት አራተኛ ዙር ላይ፣ በ112ኛ ምርጫ፣ አሞን-ራ ሴንት ብራውን የሚባል ልጅ አገኙ። ከሱ በፊት 16 ቀላቢዎች ተመርጠው ነበር። ዛሬ ከሊጉ ታላላቆች አንዱ ነው።

ይሄን ስንል ሲንሲናቲ ተሳሳተች ማለታችን አይደለም። ቼዝ የተባለውን ሁሉ ሆኗል። ግን ትክክለኛ ሰው መርጠህም ቡድንህ ላይሞላ ይችላል። ቀላቢ ኳሱ እስኪመጣለት ነው የሚጠብቀው። ኳሱ እንዲመጣ ወርዋሪው መቆም አለበት፤ ወርዋሪው ሜዳ እንዲገባ ደግሞ መከላከሉ ተጋጣሚን ማስቆም አለበት።

ዲትሮይት ራሷ ይሄን የተማረችው በመከራ ነው። በ2003 ቻርልስ ሮጀርስን በ2ኛ፣ በ2004 ሮይ ዊልያምስን በ7ኛ፣ በ2005 ማይክ ዊልያምስን በ10ኛ ምርጫ ወሰደች። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ቀላቢ፣ ሁሉም ከላይ። ከዚያ በ2007 ካልቪን ጆንሰንን በ2ኛ አመጣች። ካልቪን የዘመኑ ድንቅ ሰው ነበር። ግን በሁለተኛው ዓመቱ፣ በ2008፣ ቡድኑ 0 ለ 16 ጨረሰ። በሙሉ ዘመኑ አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሳያሸንፍ በ30 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

በተቃራኒው ካንሳስ ሲቲን እዩ። በ2022 ማርች ታይሪክ ሂልን፣ የሊጉን ፈጣን ቀላቢ፣ ለማያሚ ሰጥታ 5 ምርጫ ወሰደች። «አበደች» የተባለችው ካንሳስ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ሁለቱንም ሱፐር ቦውል አነሳች። እርግጥ ነው ፓትሪክ ማሆምስ የሚባል ሰው አላት፤ ይሄን መርሳት የለብንም።

◾ ቆይ ግን፣ ልጁም እንዳይኮራ

እኛ እዚህ ገጽ ላይ አንድ ወገን ብቻ ይዘን አንጮህም። የ«ሽጠው» ወገንም የራሱ ጠባሳ አለው።

በ2022 ድራፍት ሌሊት ቴነሲ ኤጄ ብራውንን ለፊላደልፊያ ሰጠች። ሐሳቡ «ውድ ውል ከምንፈርም በምናገኘው ምርጫ ርካሽ ቀላቢ እናምጣ» ነበር። በ18ኛው ምርጫ ትሬሎን በርክስን አመጡ። ብራውን ፊላደልፊያ ላይ ኮከብ ሆኖ ቀጠለ፣ በ2025 ፌብሩዋሪም ካንሳስን 40 ለ 22 አሸንፈው ዋንጫ አነሱ። በርክስ ቴነሲ ላይ የተጠበቀውን አልሆነም። ወረቀት ላይ ያማረ ሒሳብ ሜዳ ላይ አልሠራም።

የራሳችንን ቤት ደግሞ እንይ። በዚያው በ2022 ዋሽንግተን 11ኛ ምርጫ ነበራት። ለኒው ኦርሊንስ ሸጠችው፣ ወደ 16 ወረደች፣ ተጨማሪ ሁለት ምርጫም አገኘች። ኒው ኦርሊንስ በ11ኛው ቀላቢውን ክሪስ ኦላቬን ወሰደች። በመሃል ባልቲሞር በ14ኛው ካይል ሃሚልተንን ወሰደች፤ እሱ ዛሬ ከሊጉ ምርጥ ተከላካዮች አንዱ ነው። ዋሽንግተን በ16ኛው ጃሃን ዶትሰንን መረጠች፤ ሁለት ዓመት ተጫውቶ በ2024 ኦገስት ለፊላደልፊያ ተላለፈ። ከዚያ ንግድ የተገኘው የሚያጽናና ነገር በ98ኛው የመጣው ሯጩ ብራያን ሮቢንሰን ነው።

ስለዚህ ወደ ታች መውረድ ብቻውን ብልህነት አይደለም። የወረድክበት ቦታ ላይ ደግሞ ማየት የሚችል ዓይን ያስፈልጋል።

◾ ታዲያ ማን ያውቃል?

እውነቱን ለመናገር፣ ማንም በደንብ አያውቅም። በ2020 ፊላደልፊያ በ21ኛው ምርጫ ጄለን ሬገርን ወሰደች። ከጀርባዋ ቆማ የነበረችው ሚኒሶታ በ22ኛው ጀስቲን ጀፈርሰንን ወሰደች። ጀፈርሰን በመጀመሪያ ዓመቱ 1,400 ያርድ ሠራ፣ በ2024 ደግሞ 140 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ሬገር ፊላደልፊያ የቆየው ሁለት ዓመት ነው። አንድ ቁጥር ልዩነት! ሁለቱም ቡድኖች ያው ቪዲዮ ነው ያዩት፣ ያው ሩጫ ነው የለኩት።

በሩጫም አይለካም። ጆን ሮስ በ2017 40 ያርዱን በ4.22 ሰከንድ ሮጦ ክብረ ወሰን ሰበረና 9ኛ ተመረጠ፤ ሜዳ ላይ ያን ያህል አልሆነም። ፑካ ናኩዋ ደግሞ በ2023 አምስተኛ ዙር ላይ፣ 177ኛ ሆኖ ተመርጦ በመጀመሪያ ዓመቱ 105 ቅብልና 1,486 ያርድ ሠርቶ የአዲስ ተጫዋቾችን ክብረ ወሰን ወሰደ።

ይሄን ነገር በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኙት ሪቻርድ ታለር ከኬድ ማሲ ጋር ሆነው አጥንተውታል። ያገኙት እንዲህ ነው፦ በአንድ ቦታ ከሚጫወቱ ሁለት ተከታታይ ምርጫዎች ቀድሞ የተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኘው 52 በመቶ ያህል ነው። ሳንቲም ከመወርወር በትንሹ ይሻላል። ስለዚህ ቡድኖች «ይሄንን ሰው ብቻ» ብለው ለላይኛው ምርጫ ከልክ በላይ እየከፈሉ ነው፣ ወደ ታች ወርዶ ብዙ ምርጫ መሰብሰብ ይሻላል ይላሉ።

አስቂኙ ነገር ምን መሰላችሁ? ታለር በመጽሐፋቸው እንደሚተርኩት ስለዚሁ ጉዳይ በጊዜው የዋሽንግተን ባለቤት ከነበሩት ከዳን ስናይደር ጋር ተነጋግረው ነበር። ቡድኑ ግን በተቃራኒው ሄደ። በ2012 ከ6ኛ ወደ 2ኛ ለመውጣት ሦስት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ከፍሎ ሮበርት ግሪፊንን አመጣ። ግሪፊን በመጀመሪያ ዓመቱ ከተማውን አበራ። ከዚያ ጃንዋሪ ላይ በጥሎ ማለፉ ጉልበቱ ተበጠሰ፤ ያ ልጅ ድሮ ወደነበረበት አልተመለሰም። ቡድኑን ለመጠገን የሚሆነው ምርጫ ደግሞ ቀድሞ ተበልቷል።

የዚህ ከተማ ደጋፊ ዳንኤልስ መሬት ላይ በወደቀ ቁጥር ትንፋሹን የሚይዘው ለዚህ ነው። አይቶታል።

◾ እና እኛ ምን እንላለን?

አቋማችንን በግልጽ እናስቀምጥ። ሁለተኛ ዙር ምርጫ የሚጨምር ሰው ከመጣ 7ኛው ይሸጥ።

ምክንያት አንድ፦ ቀላቢ በሁለተኛ ዙር ይገኛል። 2019ን ብቻ እንይ። በመጀመሪያው ዙር የተመረጡት ቀላቢዎች ሁለት ነበሩ፦ ማርኪስ ብራውን በ25ኛ፣ ንኪል ሃሪ በ32ኛ። ከነሱ በኋላ እነማን መጡ? ዲቦ ሳሙኤል በ36ኛ፣ ኤጄ ብራውን በ51ኛ፣ ዲኬ ሜትካፍ በ64ኛ፣ የራሳችን ቴሪ ማክሎሪን በ76ኛ። ቅርቡንም ከፈለጋችሁ፣ ላድ መኮንኪ በ2024 በ34ኛ ተመርጦ በመጀመሪያ ዓመቱ 1,149 ያርድ ሠርቷል። ዋሽንግተን ዘንድሮ የሌላት ዙር ደግሞ በትክክል ይሄ ነው። የጎደለንን ዙር መልሰን ብናገኝ የጋሼን ቀላቢ እዚያው ማምጣት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ዙርም ለልጁ ቀዳዳ ይተርፋል። ሁለቱም ቡናቸውን በሰላም ይጠጣሉ።

ምክንያት ሁለት፦ ሒሳቡ ይቻላል። ዳላስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ምርጫ ነጥብ የሰጠችበት አንድ የታወቀ ሰንጠረዥ አለ። በሱ 7ኛ ምርጫ 1,500 ነጥብ ነው። 14ኛው 1,100፣ 46ኛው 440 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 1,540። ማለትም ከ7 ወደ 14 ወርዶ የሁለተኛ ዙር አጋማሽ ምርጫ መቀበል ሚዛናዊ ንግድ ነው። ዛሬ ቡድኖች የየራሳቸው ሰንጠረዥ ስላላቸው በትክክል እንዲህ ይሆናል ብለን አንምልም፤ ግን ሕልም አይደለም።

ምክንያት ሦስት፦ ጊዜው። ዳንኤልስ በ2024 ነው የተመረጠው፤ ከሦስተኛ ዓመቱ በኋላ፣ ማለትም ከመጪው ውድድር በኋላ፣ አዲስ ውል መጠየቅ ይችላል። እሱ ሲፈርም ደግሞ የጣሪያው ትልቅ ክፍል ወደሱ ይሄዳል። ያኔ ቡድኑን የሚሸከሙት ርካሽ ውል ላይ ያሉ ወጣቶች ናቸው። አሁን ካልተሰበሰቡ ያኔ ከየት ይመጣሉ? ከ2025 ድራፍት ጆሽ ኮነርሊን የመሰለ ጠባቂ በ29ኛው አምጥተዋል፣ ጥሩ ነው። ከሱ ጋር ሦስትና አራት ያስፈልጋል።

ገዢ ካልመጣስ? ይሄም ይታሰብ። ለመሸጥ ገዢ ያስፈልጋል፤ 7ኛው ላይ ማንም የሚጓጓለት ኳርተርባክ ካልቀረ ስልኩ ላይጮህ ይችላል። ያኔ በቦታው ካሉት ምርጡን መውሰድ ነው። ለእኛ ቅድሚያው ኳርተርባክ የሚያሳድድ ተከላካይ ነው፤ ሁለተኛ ዙር ላይ ከቀላቢ ይልቅ እሱን ማግኘት ይከብዳልና። ግን በዋና ሥራ አስኪያጁ አዳም ፒተርስ ዝርዝር ላይ ከሁሉም ርቆ ያለው ቀላቢ ከሆነ፣ ይውሰዱት፤ እኛም አንጮህም። የምንቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወደ ላይ ለመውጣት የሚቀጥለውን ዓመት ምርጫ መክፈል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ይሄ ከተማ በ2012 አፍሷል፣ ለመልቀም ስንት ዓመት እንደፈጀ ታውቃላችሁ።

የዝውውር ገበያውም በማርች አጋማሽ ይከፈታል። እዚያ ቡድኑ የሚገዛው ሰው ይሄን ሁሉ ሊቀይረው ይችላል። ከገበያ ቀላቢ ካመጡ ክርክሩ ራሱ ይቀዘቅዛል።

◾ ለማይመለከተው ሰው ምን አገባው?

«እኔ ኳስ አላይም» ለምትሉ፣ ዲሲ የምትኖሩ ከሆነ ትንሽ ያገባችኋል። የከተማው ምክር ቤት ባለፈው ሴፕቴምበር በድሮው አርኤፍኬ ቦታ አዲስ ስታዲየም እንዲሠራ አጽድቋል። ጠቅላላው 3.7 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ 2.7 ቢሊዮኑን ቡድኑ ያወጣል፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሚሆነው ደግሞ ከከተማው ነው። በ2030 ይከፈታል ተብሏል። ታክሲ ነድቶ፣ ሱቅ ከፍቶ ግብር የሚከፍለው ሐበሻም ድርሻ አለው ማለት ነው። እና ቡድኑ በምን ዓይነት ጭንቅላት እንደሚመራ መጠየቅ መብታችን ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ይሄ ለሁላችንም ነው፣ ለእኛም ጭምር። ስለ ድራፍት ስናወራ ስለ ዕቃ የምናወራ ይመስለናል። «ውሰደው»፣ «ሽጠው»፣ «ይሄ ከስሯል»። እነዚህ 21 እና 22 ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው። የት ከተማ እንደሚኖሩ፣ ለማን እንደሚሠሩ ራሳቸው አይመርጡም። ከላይ ያነሳነው ቻርልስ ሮጀርስ የአንገቱ አጥንት ሁለት ዓመት በተከታታይ ተሰብሮ ከሜዳ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ሲነሳ የሚነሳው እንደ ውድቀት ምሳሌ ብቻ ነበር። በ2019 በ38 ዓመቱ አረፈ። እኛም ዛሬ እንደ ምሳሌ ነው የጠቀስነው። ቢያንስ ሰው እንደነበረ አብረን እናስታውስ።

ቅዳሜ ጋሼ ሲነሱ ልጁ ሒሳቡን ሊከፍል ሲል «ተው ልጄ፣ የመጀመሪያ ውልህን ስትፈርም ትጋብዘኛለህ» ብለውት ሳቅን። ኤፕሪል 23 ማታ ደግሞ እዚያው ጠረጴዛ ተቀጣጥረዋል። እኛም አንቀርም። ማን ልክ እንደነበረ ግን ያን ማታ አይታወቅም፤ ሦስት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ክርክሩ ይቀጥላል።

እናንተስ? 7ኛው ምርጫ የእናንተ ቢሆን ምን ታደርጉበት ነበር? ምክንያታችሁን ጨምራችሁ ጻፉልን፣ «ኮከብ» ወይም «ይሸጥ» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉን። የገበያው ወሬ ሲመጣ እንመለስበታለን።